ለመምህሮቻችሁ ካርቶን ለምታዘጋጁ ልጆች

ሰላም ልጆች እንዴት ናችሁ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጅማ ጠመኔ ይዤ ኖሬ አሁን ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሰሞኑን የሰፈራችን ወጣቶች ለመስከረም 25፣ ለመምህራን ቀን፣ ለድሮ ትምህርት ቤታቸው አስተማሪዎች በካርቶን ስጦታ እናዘጋጅ ብለው ብር እያዋጡ መሆኑን ሰማሁና ከልቤ ደስ አለኝ፣ እና ብራችሁ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዋንጫና በፍሬም የተደረገ ሰርተፍኬት የሚለውን ሀሳብ ተዉት። ክብር ነው፣ አልጠላሁትም፣ ግን መምህሩ ከደሞዙ እየቆነጠረ ራሱ የሚገዛው ነገር አለ፣ እሱን ነው መፈለግ ያለባችሁ። ቀኑ ራሱ የተመረጠው በ1966 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮና አይ ኤል ኦ የሚባለው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ መምህራን ባወጡት ሰነድ ምክንያት ነው (መከበር የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው)፣ ሰነዱ ደግሞ ስለ ደሞዝ ብቻ አይደለም የሚያወራው፣ ስለ ክፍል ተማሪ ብዛትና ስለ ማስተማሪያ መርጃ መሣሪያም ያነሳል። ስለዚህ ካርቶናችሁ ከቀኑ ጋር በደንብ ይሄዳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት መምህር አግኙና "ቲቸር፣ ከኪስዎ ምን ምን ይገዛሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀይ እስክሪብቶ ይሏችኋል፣ ስቴፕለር ከነሽቦው፣ ስኮች፣ ለቻርት የሚሆን ትልቅ ወረቀት፣ ደግሞ እስክሪብቶ ሳይዝ ለሚመጣው ልጅ የሚሰጥ አንድ ፓኬት ቢክ። ሴት መምህራንን ለብቻቸው ጠይቁ፣ ክፍል ውስጥ ድንገት ለሚመጣባት ተማሪ ሞዴስ የሚገዙት እነሱ ናቸው፣ አንድም ሰው ሲያመሰግናቸው አይቼ አላውቅም።

ጠመኔ ስትገዙ የጅማን ዝናብ አትርሱ። እርጥበት የገባበት ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም፣ ጫን ስትለው ደግሞ እጅህ ላይ ስብር ይላል፣ ተማሪው ይስቃል ጊዜውም ይሄዳል። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ስጡ። አብሮ ትንሽ ፎጣ ለእጅ፣ እና ቫዝሊን፣ የጠመኔ ብናኝ ጣትን እንዴት እንደሚያደርቅና እንደሚሰነጥቅ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው።

ወደሚበላው ስንመጣ እኔ ቆሎን የሚያህል አላየሁም። ጭኮ ይጣፍጣል ግን ቅቤ አለው፣ ረቡዕና አርብ የሚጾመው መምህር ጓደኞቹ ሲበሉ ቁጭ ብሎ ማየት የለበትም፣ ቆሎን ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይዘግናል። ብቻ ሳሙና ካስገባችሁ ከቆሎው አርቁት፣ በማግስቱ ቆሎው ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው! ቡናውን ደግሞ በሐሙስ ገበያ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርዳችሁ ለቅማችሁ ግዙ፣ ጥሬውን ስጡ፣ የተፈጨ ከሆነ ሽታው ቶሎ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ለሚውል ጉሮሮ ትንሽ ማርና ዝንጅብል ብትጨምሩበት ደግሞ ምርቃቱ አያልቅም።

አሁን ዋናውን ልበል። ለአንድ መምህር ብቻ ለይታችሁ አትስጡ፣ በተለይ ታናሽ እህት ወይም ወንድም እዛ ክፍል ካላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ፈተና ሲቃረብ። መምህሩ ቢቀበል ሐሜት ነው፣ ባይቀበል እናንተን ያሳፍራል፣ ጨዋ ሰው እንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ አይከተትም። ለሁሉም እኩል ይሁን፣ በርዕሰ መምህሩ በኩል ይግባ፣ የላይብረሪ ሠራተኛዋና ጥበቃውም ይድረሳቸው። በየካርቶኑ ላይ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፣ "እናመሰግናለን" ብቻ ሳይሆን ያ መምህር ያደረገላችሁን አንድ ነገር በስሙ ጻፉበት፣ ቢኩ ሲያልቅ እሱን ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ደግሞ ያዋጣችሁትን በሙሉ መስከረም ላይ አትጨርሱት። መስከረም ላይ ሁሉም መምህር ትዝ ይለዋል፣ ጠመኔና እስክሪብቶው የሚያልቀው ግን ጥር አካባቢ ነው፣ ግማሹን ብር አስቀምጡና ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር የካቲት ላይ አንዴ ድገሙት። ካርቶን የሚሸከም ሰው ከጎደላችሁ እኔም አለሁ።