በፍጻሜ ስለተሸነፉ ቴኒሰኞች ለምትከራከሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ስለ ስፖርት መጻፍ ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን የሜዳ ቴኒስ ወዳጆችን እንደ ግራንድ ስላም (በሜልበርን፣ በፓሪስ፣ በለንደን ዊምብልደንና በኒው ዮርክ በየዓመቱ የሚካሄዱት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ፍጻሜ ያከራከረ ጉዳይ አላየሁም። አንዱ ራፋኤል ናዳል ከ30 ፍጻሜ 22ቱን ማሸነፉን ይጠቅስና ሮጀር ፌዴረር ከ31 ፍጻሜ 11ዱን ስለተሸነፈ በትልቁ ቀን ልቡ ይከዳዋል ብሎ ይደመድማል። ሌላው ደግሞ በራሱ ቁጥር ይመልስለታል። ክርክሩን አልነቅፍም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። የምጽፍላችሁ ግን ከቁጥር ተነስቶ በሰው ልብ ላይ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት በራሴ ስላየሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲ ሙሬይ በዊምብልደን ፍጻሜ በፌዴረር ተሸነፈ። ወደ ግራንድ ስላም ፍጻሜ ሲደርስ አራተኛው ነበር፤ አራቱንም ተሸንፏል። እኔም በዚያው ሳምንት ለምሠራበት ጋዜጣ በጻፍኩት ሐተታ፣ ይህ ሰው እጅ እንጂ ልብ አልተሰጠውም ብዬ ፈረድኩበት። ልክ በአራተኛው ሳምንት፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ ያንኑ ፌዴረርን በለንደን ኦሊምፒክ ፍጻሜ 6–2፣ 6–1፣ 6–4 አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። ከዚያም አምስት ሳምንት ቆይቶ በአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ከኖቫክ ጆኮቪች ጋር አራት ሰዓት ከ54 ደቂቃ ተፋልሞ የመጀመሪያውን የግራንድ ስላም ዋንጫ አነሣ። በአራት ሳምንት ልብ አይበቅልም። ቀድሞውንም የነበረውን ነገር ሳላየው ቀርቼ ነበር።

ያላየሁትን ለማየት ያስፈልግ የነበረው የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። ከአራቱ ሽንፈቶች ሦስቱ በፌዴረር፣ አንዱ በጆኮቪች የደረሱ ነበሩ። ሙሬይ በዘመኑ ሁሉ 11 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱን አሸነፈ፤ ከተሸነፈባቸው ስምንቱም አምስቱ በጆኮቪች፣ ሦስቱ በፌዴረር ነበሩ። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር በፍጻሜ ያሸነፈው ማንም የለም። ፍጻሜ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ፈተና አለመሆኑን፣ ፈታኙ ማን እንደነበረ ሳይጠየቅም ውጤቱ ሊነበብ እንደማይገባ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሌላው ብዙዎቻችሁን ሲያሳስት የማየው የመቶኛ ስሌት ነው። ስለ ናዳል 22 እና 8 ላንሣ። በፓሪሱ ውድድር በሮላን ጋሮስ 14 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 14ቱንም አሸንፏል፤ ይህ በስፖርቱ ታሪክ አቻ የሌለው ሥራ ነው። እነዚህን ለይታችሁ ብታስቀምጡ ግን በሜልበርን፣ በዊምብልደንና በኒው ዮርክ ከተጫወታቸው 16 ፍጻሜዎች ስምንቱን አሸንፎ ስምንቱን ተሸንፏል። ታዲያ ልቡ በፓሪስ ጸንቶ በሌሎቹ ከተሞች ይደክም ነበር ልንል ነው? የለም፤ በግራ እጁ የሚያሽከረክራት ኳስ በቀዩ አፈር ላይ ከሌላው ሜዳ ሁሉ ይበልጥ ከፍ ብላ ስለምትነጥር ነው። ደግሞም በ2013 በዊምብልደን ገና በመጀመሪያው ዙር ሲሸነፍ ያ ሽንፈት በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም። በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ሰው የፍጻሜ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ስድስት ሰው አሸንፎ ሰባተኛው ያቆመው ግን ይጎድፍበታል። ጆኮቪች እስከ 2024 መጨረሻ 24 ዋንጫ ወስዶ በ13 ፍጻሜ ተሸንፎ ነበር። እነዚያን 13 ሽንፈቶች እንደ እንከን የሚቆጥር ሰው፣ ቀደም ብሎ ቢሸነፍ ይሻለው ነበር ማለቱ መሆኑን ልብ አላለውም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ ወደማስበው ወደ 2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ልምጣ። ፌዴረር 38 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በአምስተኛው የጨዋታ ክፍል 8 ለ 7 እየመራ፣ ሰርቪሱም (ኳሱን የማስጀመር ተራውም) የእርሱ ሆኖ፣ 40 ለ 15 ደረሰ፤ ለዋንጫው ሁለት ዕድል ነበረው ማለት ነው። ሁለቱም አመለጡት። አራት ሰዓት ከ57 ደቂቃ ከፈጀ ትግል በኋላ ጆኮቪች በአምስተኛው ክፍል 13 ለ 12 አሸነፈ። በጨዋታው በሙሉ ግን ፌዴረር 218 ነጥብ ሲያገኝ ጆኮቪች ያገኘው 204 ነበር። በ14 ነጥብ የበለጠው ተሸናፊ ሆነ፤ ሦስቱን ታይብሬክ (ክፍሉ በእኩል ሲቆም የሚደረገውን መለያ) ሁሉ የወሰደው አሸናፊ ሆነ። ጆኮቪች በእነዚያ ታይብሬኮች ያሳየው እርጋታ እውነተኛ ነው፤ ከዚያ ክብር ቅንጣት መቀነስ አልፈልግም። ይሁን እንጂ ፌዴረር ካመለጡት ከሁለቱ የዋንጫ ነጥቦች አንዷ ወደ እርሱ ብታደላ፣ ዛሬ ስለ ሁለቱ ሰዎች ጠባይ የምንናገረው ሁሉ ይገለበጥ ነበር። ፌዴረር ራሱ በ2024 ለዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ሲናገር፣ ከ1,526 የነጠላ ጨዋታዎቹ 80 በመቶ ያህሉን ማሸነፉን፣ ከነጥቦቹ ግን ያገኘው 54 በመቶውን ብቻ መሆኑን አስታውሷል።

ፍርሃት የሚባል ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ1993 ያና ኖቮትና ስቴፊ ግራፍን በዊምብልደን ፍጻሜ በመጨረሻው ክፍል 4 ለ 1 ትመራ ነበር፤ 5 ለ 1 ለመሆን አንዲት ነጥብ ሲቀራት ሁለቱንም ሰርቪስ አበላሸች፤ ከዚያ በኋላ እጇ እየከበደ ሲሄድ ሁሉም አየ። በሽልማቱ ላይ በኬንት መስፍን ባለቤት ትከሻ ላይ ያለቀሰችው ልቅሶ እስካሁን ያሳዝነኛል። ያን ቀን ፍርሃት አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን በ1998 እዚያው ሜዳ ላይ ዋንጫውን አነሣች፤ የአንድ ቀን ፍርሃት የሰውየው መጠሪያ ሊሆን አይገባም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ኢቫን ሌንድልም የመጀመሪያዎቹን አራት ፍጻሜዎች ተሸንፎ ነበር። በ1984 በፓሪስ በጆን ማኬንሮ ሁለት ለባዶ ከተመራ በኋላ ተነሥቶ አሸነፈ፤ በመጨረሻም ስምንት ዋንጫ ሰበሰበ። እኔ ልብ የለውም ያልኩትን ሙሬይን በ2012 ያሠለጥነው የነበረውም ይኸው ሌንድል ነው።

ስለ ኦንስ ጃቤርም እንዲሁ እንድታስቡላት እለምናችኋለሁ። በክፍት ዘመን (ከ1968 ወዲህ፣ ክፍያ የሚቀበሉ ተጫዋቾችም እንዲወዳደሩ ከተፈቀደ ጀምሮ) ለግራንድ ስላም የነጠላ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እርሷ ናት። ሦስት ጊዜ ደርሳ ሦስቱንም ተሸንፋለች። ስሟ በተነሣ ቁጥር ሦስቱ ሽንፈቶች ብቻ ሲቆጠሩ ስሰማ፣ ከቱኒዚያ ተነሥታ እዚያ ለመድረስ ያሸነፈቻቸውን ሁሉ ማን ይቁጠርላት እላለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2025 የሮላን ጋሮስ ፍጻሜ፣ ያኒክ ሲነር በካርሎስ አልካራዝ ላይ ሦስት የዋንጫ ነጥብ ይዞ ከአምስት ሰዓት ከ29 ደቂቃ በኋላ ሲሸነፍ፣ ጽሑፎቹን የማርምለት አንድ ወጣት ባልደረባዬ በማግስቱ ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። ሲነር ከዚህ ስብራት አይነሣም የሚል ነበር። የ2012ቱን ሐተታዬን አውጥቼ አስነበብኩትና ረቂቁን እስከ ዊምብልደን ፍጻሜ ድረስ እንዲያቆየው ለመንኩት፤ እርሱም አቆየው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲነር የመጀመሪያውን ክፍል ተሸንፎ ሦስቱን በተከታታይ 6–4፣ 6–4፣ 6–4 በማሸነፍ ዋንጫውን ከዚያው ከአልካራዝ እጅ ወሰደ።