«ሙሉ ወጪ የሚሸፍን» የብሪታኒያ ፒኤችዲ፦ ከኪስ የሚወጣው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ማስታወቂያ አይቻለሁ። «የትምህርት ክፍያ በአገር ውስጥ ተማሪ ተመን፣ ስታይፔንድ በዩኬአርአይ ተመን፣ የምርምር ድጋፍ ገንዘብ፣ ለሦስት ዓመት ተኩል» ይላል። እኔ የውጭ አገር ተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴንም ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ከራሴ የምከፍለው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ይኖራል። ስታይፔንዱን፣ ማለትም ለኑሮ የሚሰጠውን ገንዘብ፣ ከማስላትዎ በፊት ግን «በአገር ውስጥ ተማሪ ተመን» የሚለውን ሐረግ ደግመው ያንብቡት፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።

የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ፒኤችዲ ሁለት ዋጋ አላቸው። የመንግሥትን የምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍለው ዩኬአርአይ ለአገር ውስጥ ተማሪ ያስቀመጠው ተመን ለ2025/26 የትምህርት ዘመን 5,006 ፓውንድ ነው። የውጭ ተማሪ ክፍያን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ይተምናል፤ ቤተ ሙከራ በሚጠይቁ ትምህርቶች በዓመት ከ25,000 ፓውንድ ማለፉ የተለመደ ነው። ያመለከቱበት ቦታ 26,000 ቢያስከፍልና ስኮላርሺፑ 5,006ቱን ብቻ ቢችል በየዓመቱ 20,994 ፓውንድ ይጎድላል። የዚያው ዓመት የዩኬአርአይ ስታይፔንድ 20,780 ፓውንድ ስለሆነ፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ ሁሉንም ቢያስረክቡ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ ይጠይቁ። ከዩኬአርአይ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ልዩነቱን ከውጭ ተማሪ ላይ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም፤ ከሌላ ምንጭ መሙላት አለበት። ችግሩ ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው ቦታ በመርሕ ደረጃ ከቅበላው 30 በመቶ የማይበልጥ መሆኑ ነው፤ ፉክክሩ ጠንካራ ነው። ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ከኩባንያ ከሆነ ይህ ደንብ አያስገድደውም። ማስታወቂያው ላይ «ሙሉ» የሚል ቃል መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥልዎትም፤ ለአገር ውስጥ ተማሪ ሙሉ የሆነው ለእርስዎ ከፊል ሊሆን ይችላል።

የክፍያው ጉዳይ ከጠራ ስታይፔንዱ ቀላል ነው። 20,780 ፓውንድ በወር ወደ 1,730 ይመጣል፤ ለንደን ላይ ጭማሪ አለው። ደመወዝ ስላልሆነ የገቢ ግብር አይቆረጥበትም፤ በአንጻሩ የጡረታ መዋጮም የለውም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ የካውንስል ታክስ ከሚባለው የቤት ግብር ነፃ ነው፤ ተማሪ ካልሆነ ሰው ጋር ከኖሩ ግን ለቤቱ ሂሳብ ሊመጣ ስለሚችል ከመፈረምዎ በፊት ያጣሩ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በየወሩ፣ አንዳንዱ በየሦስት ወሩ አስቀድሞ ይከፍላል። በሁለቱም በኩል የመጀመሪያው ክፍያ የሚገባው ተመዝግበው የባንክ ሂሳብ ከከፈቱ በኋላ ነው፤ የቤት ኪራይና ማስያዣ ግን ከዚያ በፊት ይጠየቃሉ።

የምርምር ድጋፍ ገንዘቡን የኪስ ገንዘብ አድርገው እንዳይቆጥሩት። በዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለኬሚካል፣ ለመስክ ሥራ፣ ለጉባኤ የሚወጣው በአማካሪዎ ፈቃድ ነው። ተማሪዎች የሚሰናከሉት በአከፋፈሉ ላይ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱን በራሳቸው ካርድ ይገዙና ተመላሽ ሲጠይቁ «ቅድመ ፈቃድ የለም» ይባላሉ። ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ ዋጋው ከፍ ካለ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲገዛ ይጠይቁ። ስለ ላፕቶፕም ይጠይቁ፤ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አሁን ወደ ቪዛ። በ2025 ከውጭ ሆነው ሲያመለክቱ የተማሪ ቪዛ 524 ፓውንድ ነበር፤ የጤና አገልግሎት ክፍያው ደግሞ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ። ይህ ሁለተኛው በየዓመቱ የሚከፈል ይመስላል፤ አይደለም። ለመላው የቪዛ ዘመን በአንድ ጊዜ፣ ከማመልከቻው ጋር ይከፈላል። ቪዛው ደግሞ ከትምህርቱ ይረዝማል፤ ከመጀመሪያው በፊት እስከ አንድ ወር፣ ከመጨረሻው በኋላ አራት ወር ይጨመርበታል። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን አራት ዓመት ብሎ ከመዘገበው ቪዛው አራት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ይሆናል። ከስድስት ወር የማይበልጥ ትርፍ ጊዜ እንደ ግማሽ ዓመት ስለሚታሰብ 776 በ4.5 ሲባዛ 3,492 ፓውንድ ይመጣል። ከቪዛው ጋር 4,016።

የፒኤችዲ ተማሪ ባለቤቱን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ከጥር 2024 ወዲህ ለአብዛኛው የማስተርስ ተማሪ የተዘጋው በር ለምርምር ተማሪ ክፍት ነው። ግን ባለቤትዎም ያንኑ ያህል ይከፍላሉ፤ ለሁለት በ2025 ዋጋ 8,032 ፓውንድ፣ የመጀመሪያው ስታይፔንድ ከመግባቱ በፊት። ስኮላርሺፑ ለቤተሰብ ብሎ የሚጨምረው ገንዘብ እንዳለ በጽሑፍ ካልነገሩዎት የለም ብለው ይነሱ። ቪዛው ከተከለከለ የጤናው ክፍያ ይመለሳል፤ የማመልከቻው አይመለስም። የቪዛን ወጪ የሚመልሱ ወይም የሚያበድሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ለቪዛው የገንዘብ ማስረጃ ከዩኒቨርሲቲው የሚያገኙት የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ሊበቃ ይችላል፤ ቀን፣ ስምዎ፣ መጠኑና የሚቆይበት ጊዜ በግልጽ ከተጻፈበት። ከፊሉን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ቀሪው በባንክ ሂሳብ ለ28 ተከታታይ ቀናት ተቀምጦ መታየት አለበት። የባለቤትዎ የኑሮ ወጪ ለብቻው ይታያል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ዓመት ነው የሚያስተውሉት። ስታይፔንዱ በሦስት ዓመት ተኩል ያበቃል፤ መመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ የሚሰጠው ጊዜ ግን አራት ዓመት ሊሆን ይችላል። በመካከል ያሉት ስድስት ወራት ያለ ገቢ ያልፋሉ፤ አንዳንድ ቦታ የማራዘሚያ ምዝገባም ይከፈላል። ቪዛው በትምህርት ጊዜ እንዲሠሩ የሚፈቅደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ለፒኤችዲ ተማሪ ደግሞ ክረምቱ በራሱ ዕረፍት ሆኖ አይቆጠርም።

ለመምሪያው ኢሜይል ሲጽፉ ይህን ያህል ይበቃል፦ «የውጭ አገር ተማሪ ነኝ። የትምህርት ክፍያዬ በሙሉ ለስንት ዓመት ይሸፈናል? ልዩነት ካለ ማን ይከፍለዋል? ስታይፔንዱ ስንት ወር ይቆያል፣ የመጀመሪያው ክፍያስ መቼ ይገባል? ከዚያ በኋላ የምዝገባ ክፍያ አለ? የቪዛና የጤና ክፍያ ይመለሳል?» መልሱን በስልክ ቢነግሩዎትም በኢሜይል እንዲደግሙት ይጠይቁ።