ባሌን «ቶሎ ና» ያልኩበት ምሽት

ሰላም እህቴ። ባልሽ ዳላስ ሥራ አግኝቶ ከሲያትል ልትዛወሩ ነው፤ አንቺን ግን የቶርኔዶ፣ የዚያ የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ ነገር እንቅልፍ ነስቶሻል። «የደረሰባችሁ ካላችሁ ሳታጋንኑም ሳታቃልሉም ንገሩኝ፤ ቤት ስንከራይስ ምኑን እንይ?» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽን አነበብኩ። ግማሹ «አይዞሽ፣ አሥር ዓመት ኖሬ አንድም አላየሁም» ይላል። ግማሹ ቪዲዮ ለጥፎ ጭራሽ አስፈራርቶሻል። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ቀኑ ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ነው፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26፣ 2015። ቅዳሜ ነበር። የእነሱ ገና ባለፈ በማግስቱ ማለት ነው፤ የኛ ገና ግን ገና ነው፣ ጾም ላይ ነን። እማዬ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሁለት ወሯ ነበር። ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ጠዋት አስቀድሳ ተመልሳለች። የምንኖረው ዳላስ ጎን ባለችው ጋርላንድ ነው፣ ከሬይ ሀባርድ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ፣ በተከራየናት ፎቅ የሌላት የጡብ ቤት። ልጄ ስድስት ዓመቱ፣ ታናሽ እህቱ ሦስት።

ሙቀቱ የታኅሣሥ አልነበረም። ልጆቹ በካናቴራ ውጭ ሲሯሯጡ ዋሉ። አየሩ ገላ ላይ ይለጠፋል። እማዬ «በዚህ ነው ብርድ አለ ብላችሁ ሁለት ጋቢ ያሸከማችሁኝ?» እያለች ትስቅብን ነበር። ያኔ አላወቅንም እንጂ ነገሩ ያለው እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከምዕራብ ከሚገፋው ቀዝቃዛ አየር ጋር ይጋጠማል። ከታችና ከላይ ያለው ነፋስ በተለያየ ፍጥነትና አቅጣጫ ሲነፍስ ደመናው መሽከርከር ይጀምራል። «ቶርኔዶ የጸደይ፣ የኤፕሪልና የሜይ ነው» ይሉሻል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እኛን ግን በታኅሣሥ መጣብን።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ «ቶርኔዶ ዋች» የሚል መጣ። አየሁት፣ ዘጋሁት። አሜሪካ ስምንት ዓመት ኖሬ ዋችና ዎርኒንግ ልዩነታቸውን አላውቅም ነበር። በአማርኛ ሁለቱንም «ማስጠንቀቂያ» እያልን ስለምናልፋቸው ይመስለኛል። ዋች ማለት «ዛሬ ሰማዩ ቶርኔዶ ሊያወጣ ይችላል፣ ጆሯችሁን አቁሙ» ነው። ለሰዓታት ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይመጣ ያልፋል። ዎርኒንግ ሌላ ነው። ወይ ሰው በዓይኑ አይቶታል፣ ወይ ራዳር ላይ ሽክርክሪቱ ታይቷል። ያኔ የሚቀርሽ ደቂቃ ነው። ይህን ለባልሽም፣ እናትሽ ካሉም ለእናትሽ፣ በአማርኛ አስረጂያቸው። እኔ ለእማዬ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ባሌ ያኔ ታክሲ ይነዳል። ዳውንታውን ሰው አድርሶ አይ-30 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ቤት እየመጣ ነው። በዚህ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል፣ ጨልሟል። ከሩቅ ያጉረመርማል። ደወልኩለት።

«የት ደረስክ?»

«ሜስኪት። ቤንዚን ልቅዳና...»

«ቤንዚኑን ነገ ትቀዳለህ! ሰማዩ ደስ አላለኝም፣ ቶሎ ና!»

ጮህኩበት፣ ዘጋሁት። ይቺን የስልክ ንግግር ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ የከተማው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ወዲያው ስልኬም በዚያ በሚያስጠላ ድምፁ ጮኸ። እማዬ ከሶፋው ተነስታ «ጦርነት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? «ነፋስ ነው» አልኳት። «ነፋስ ነው» ስላት ለመቀመጥ ቃጣት።

በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ደቡብ አየሁ። ሰማዩ አረንጓዴና ሰማያዊ ይፈነጥቃል። መብረቅ መሰለኝ። መብረቅ ግን ከላይ ነው፤ ይሄ ከመሬት ነው የሚነሳው። ለካ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች አንድ በአንድ እየፈነዱ ነው፣ ወደ እኛ እየቀረቡ። ቶርኔዶውን ራሱን አላየሁትም። እንደ ፊልም ረጅም ጥቁር ጭራ የሚታየው በቀን ነው፣ እሱም ከታደልሽ። በሌሊት የምታይው የሚጠፋውን መብራት ነው።

ልጆቹን ይዤ ኮሪደሩ መሃል ያለው ክሎዜት፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ መስኮት የሌለው እሱ ብቻ ነው። እማዬን በእጇ ጎትቼ አስገባኋት። የልጆቹን ፍራሽ ከላያችን ጎተትኩት። ክሎዜቱ ውስጥ የእማዬ ሻንጣዎች ነበሩ፣ በርበሬውም ሽሮውም ገና ተከፋፍሎ አላለቀም። እሷ ጨለማው ውስጥ በጣቶቿ እየቆጠረች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመረች።

ድምፁን ሁሉም ሰው ባቡር ነው ይላል። እኔ ባቡር እያየሁ አላደግኩም። ለኔ የናፍጣ ወፍጮ ነው። ልጅ ሆነሽ እህል ተሸክመሽ ወፍጮ ቤት በር ላይ ስትደርሺ ደረትሽ ውስጥ ገብቶ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ የለም? እሱ። ሩቅ ነበር፣ ከዚያ እኛው ቤት ውስጥ ሆነ። ጆሮዬ አውሮፕላን ሲወርድ እንደሚደፈነው ተደፈነ። ምስማር ከእንጨት ሲነቀል ያለው ሲጥታ ከላያችን ተሰማኝ። ከዚያ ድንገት ፍራሹ ላይ ዝናብ። ቤት ውስጥ ሆኜ ዝናብ መታኝ። ጣሪያው መሄዱን ያወቅኩት እንደዚያ ነው። አንዱ ሻንጣ ተከፍቶ ኖሮ በርበሬው ዓይናችን ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ አዲስ በርበሬ ሲሸተኝ እግሬ ይርዳል፣ ሰው ቀልድ ይመስለዋል።

እማዬ አርባ አንዱን እግዚኦ ሳትጨርስ አለፈ። «ሃያ ስድስት ላይ ነበርኩ» ትላለች። ግን ቆማ አርባ አንዱን ጨረሰችው።

ሲያልፍ ያለው ጸጥታ ይከብዳል። ከዚያ ውሻ ጮኸ፣ ከዚያ ሰዎች መጣራት ጀመሩ። ባዶ እግራችንን ነበርን። እማዬ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ መስታወት እግሯን ቆረጣት። ያም ሆኖ ቦርሳዋን በዳበሳ ፈልጋ ጧፍ አወጣች። ልትለኩሰው ስትል ጎረቤታችን በባትሪ እያበራ «ጋዝ! ጋዝ! እሳት እንዳትለኩሱ!» እያለ መጣ። እውነትም ይሸታል። የተሰበረ እንጨት፣ እርጥብ አፈርና ጋዝ። የጧፉ ነገር ከቶርኔዶው ይልቅ አሁንም ያስደነግጠኛል።

በባትሪው ብርሃን መኝታ ቤቴን አየሁት። አልጋዬ ላይ የገና ዛፍ ተጋድሟል። የኛ አይደለም። ከነጌጡ፣ ከነኮከቡ ከማን ቤት እንደመጣ አላውቅም።

ያኔ ነው ባሌን ያስታወስኩት። ስልክ አይሠራም። መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች «አይ-30 እና ጆርጅ ቡሽ የሚባለው አውራ ጎዳና የሚገናኙበት ጋ መኪኖች ከድልድዩ ተጠርገው ወድቀዋል» እያሉ ያወራሉ። ያ መንገድ የሱ መንገድ ነው። ሰዓቱም የሱ ሰዓት ነው። ቤንዚን ልቅዳ ሲል «ቶሎ ና» ብዬ የጮህኩበት ደግሞ እኔ ነኝ። ሦስት ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆምኩ። እማዬ «ተቀመጪ» ትለኛለች፣ የምቀመጥበት ወንበር የለም።

በዚሁ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል በእግሩ መጣ። መንገዱ ሁሉ ስለተዘጋ መኪናውን ትቶት ነው። ስሰድበው ነው አሉ የተቀበልኩት፣ እኔ አላስታውስም።

ምን ሆነ መሰለሽ፣ አልሰማኝም። በእልህ ቤንዚኑን ሊቀዳ ቆመ። ሊከፍል ሲገባ ሳይረኑ ጮኸ። ሒሳብ የሚቀበሉት ሽማግሌ በሩን ቆልፈው ያለውን ሰው ሁሉ ቢራ የሚቀዘቅዝበት ትልቅ የፍሪጅ ክፍል ውስጥ አስገቡ። እሱ «ሚስቴ ትጠብቀኛለች» ብሎ ሊወጣ ታገለ። ሽማግሌው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው «ትጠብቅህ» አሉት። ባሌ አሁን ሲያወራው ያስቀዋል፦ «ጾሜን በቢራ ካርቶን ተከብቤ አመሸሁ» ይላል። እኔን ግን አያስቀኝም።

በዚያ አንድ ቶርኔዶ አሥር ሰው ሞተ። አብዛኞቹ እዚያ መጋጠሚያ ላይ፣ መኪና ውስጥ ነበሩ። በዚያ ምሽት በሰሜን ቴክሳስ በሌሎቹ ቶርኔዶዎች የሞቱት ሲጨመሩ 13 ናቸው። የኛው ከሰኒቬል ተነስቶ፣ ጋርላንድን አቋርጦ፣ ራውሌትን መትቶ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ፤ ሁሉም ነገር ከሃያ ደቂቃ በታች ነው። በቶርኔዶ ጥንካሬ መለኪያ ደረጃው ኢኤፍ 4 ተባለ፣ ከፍተኛው 5 ነው። ነፋሱ በሰዓት ወደ 290 ኪሎ ሜትር ተገመተ። ከአንድ ሺህ በላይ ቤት ተጎዳ። ይህን ሁሉ ቁጥር በኋላ ሳነብ ዓይኔ የሚመለሰው መኪና ውስጥ የሚለው ላይ ነው። እኛ ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ተርፈናል። ወደ ቤታቸው የሚሮጡት ናቸው ያልተረፉት።

ስለዚህ ሳታጋንኚ ንገሪኝ ላልሽው፣ ከቤቱ ይልቅ መንገዱን ፍሪ። ዎርኒንግ ከወጣ ባልሽን «ቶሎ ና» አትበይው። «የት ነህ? ግባ!» በይው። ነዳጅ ማደያ፣ ሱቅ፣ ሆስፒታል፣ የማንም ይሁን፣ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ይግባ። ድልድይ ሥር መጠለል የሚባለውን ደግሞ አትስሙ። ድልድይ ሥር ነፋሱ ተጨምቆ ይበረታል፣ የሚወረወረው ቆርቆሮና እንጨትም እዚያው ያገኝሻል።

በማግስቱ ብርድ ገባ፣ ያውም ከዝናብ ጋር። ያ ጋቢ ተፈለገ። ዛፎቹ ሁሉ ላይ ከየቤቱ ጣሪያ የወጣው ሮዝ የሙቀት መከላከያ እንደ ባዘቶ ተንጠልጥሏል። እርዳታ የሚያድሉ ሰዎች ሳንድዊች ሰጡን፣ ሥጋ አለበት። እማዬ አመስግና ተቀብላ ለልጆቹ ሰጠችና ውሃ ጠጣች። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ግን እንጀራና ምስር ወጥ ይዘው ነበር። ማክሰኞ ገብርኤል ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጅ ጫማ በየቁጥሩ ተደርድሮ ጠበቀን። አገር ቤት እድር ለቅሶ ሲደርስ እንደሚንቀሳቀስ ነው የተንቀሳቀሱት። ስትመጪ ከቤት ዕቃ በፊት ሰው ያዢ።

ኢንሹራንስ። የከሰርነው እዚህ ላይ ነው። ተከራይ ስለሆንን የባለቤቱ ኢንሹራንስ ይበቃናል ብለን ነበር። የእሱ ኢንሹራንስ ግድግዳውን ነው የሚያውቀው። ሶፋሽን፣ ልብስሽን፣ ቴሌቪዥንሽን አያውቅም። የተከራይ ኢንሹራንስ በወር ሃያ ምናምን ዶላር ነው፣ ቁልፍ በተቀበልሽበት ቀን ግቢ። ቤት ከገዛችሁ ደግሞ የንፋስና የበረዶ ዲዳክተብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት አንቺ የምትችይውን፣ ለይተሽ ጠይቂ። እዚህ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። ቤቱ 300 ሺህ ዶላር ተገምቶ 2 በመቶ ከሆነ፣ የመጀመሪያው 6 ሺህ ካንቺ ኪስ ይወጣል። ከማዕበል በኋላ በር እያንኳኳ «ጣሪያሽን ልሥራ፣ ዲዳክተብሉን እኔ እችልልሻለሁ» የሚል ከመጣ በሩን ዝጊበት፣ በቴክሳስ ሕግ ክልክል ነው።

ቤት ስታዩ። ቤዝመንት አትፈልጊ፣ አታገኚም። አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው፣ ምድር ቤት አይቆፈርበትም። ይልቅ ወኪሏ ወጥ ቤቱን ስታሳይሽ አንቺ መሃል ያለውን ክሎዜት ክፈቺ። በታችኛው ወለል፣ መስኮት የሌለው፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀ። ሁላችሁም ገብታችሁ በሩን መዝጋት ከቻላችሁ ቤቱ ጥሩ ነው። ስቀውብኝ ያውቃሉ፣ እኔ ግን አሁን ያለንበትን ቤት ስንከራይ ልጆቹን ክሎዜት ውስጥ አስቀምጬ በሩን ዘግቻለሁ። ተንቀሳቃሽ ቤት በርካሽ ካገኛችሁ፣ ተዉት።

ኦክቶበር 20፣ 2019 እሁድ ማታ እንደገና መጣ፣ ሰሜን ዳላስና ሪቻርድሰን ላይ፣ ኢኤፍ 3። ብዙ ሕንፃ ፈረሰ፣ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን እኛ ሁላችንም ጫማ አድርገን፣ ልጆቹ የብስክሌት ሄልሜት ለብሰው፣ ባትሪና ፊሽካ ይዘን ክሎዜት ውስጥ ነበርን። ወንዱ ልጄ ያኔ አሥር ዓመቱ ነው። «ወፍጮው ይመጣል?» አለኝ። ከኔ ነው የሰማው ቃሉን። ወደ እኛ አልመጣም። ባሌ ሥራ ላይ ነበር፣ ደወለ፣ «ገብቻለሁ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ባልሽ የሚሠራበትንና የሚመላለስበትን መንገድ ስታውቂ ጻፊልኝ። ባሌ አሁንም ይነዳል፤ በየትኛው መውጫ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ፣ ትልቅ የፍሪጅ ክፍል ያለው ማደያ እንዳለ አንድ በአንድ ይነግረዋል።