«እህቴ ፊቴን አታሳዪ አለችኝ፤ ፊልሙን ምን ላድርገው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰች። ታሪኳን በስልኬ እየቀረጽኩ ዘጋቢ ፊልም ሠርቻለሁ። ስንጀምር «ቅረጪኝ፣ ሌላዋ ትማርበት» ያለችኝ ራሷ ናት። ወረቀትም ፈርማለች። ኤዲቲንጉ ሊያልቅ ሲል ባሳያት ግን «ፊቴን ሰው እንዳያየው» አለች። አሠሪዋ ቤት የደረሰባትን እያወራች የምታለቅስበት ቦታ አለ፤ ከፊልሙ ምርጡ እሱ ነው። የፌስቲቫል ማስገቢያው ቀን ደርሷል። ጓደኞቼ «ፊቷን ብለር አድርገሽ ላኪው» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኪው። ፌስቲቫሉ የሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል።

ወረቀቱን እርሺው። ስትፈርም ራሷን ስክሪን ላይ አላየችም ነበር። አሁን አየች። ፈቃድ ሰጠች የሚባለው ካየች በኋላ ነው።

ብለር የሚሉሽ ልጆች ነገሩ ቀሏቸዋል። እኔ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ የቆረጥኩት ፊልም ላይ ፊታቸው የተሸፈነ እናት ነበሩ። ቡና ሲቀዱ ጀበናውን ከፍ አድርገው በቀጭኑ ያወርዱታል። ጎረቤት በዚያ ብቻ አወቃቸው። የአንቺ ደግሞ ይብሳል፤ መጨረሻ ላይ ስምሽ ከነአባትሽ ይወጣ የለ? «እህቷ ማን ነበረች?» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ድምጿን ላጎርንነው ብትዪ ደግሞ የፖሊስ ፕሮግራም ላይ የቀረበች ተጠርጣሪ ታስመስያታለሽ።

ለቅሶው ምርጡ ነው ያልሽውንም አልቀበልሽም። ዩቲዩባችንን እይው። በየቀኑ አንድ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ከሥር ዋሽንት ይለቀቅበታል። ተመልካች ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለ ከፋላ፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስረው ሥርዓት፣ ግን ምንም ሳያውቅ። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ መሆኑን፣ ያለፈቃድ ከቤት ከወጣች ሕገወጥ እንደምትባል፣ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ እመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆለፍ ማን ይንገረው? እህትሽ በተመለሰችበት በ2012 ሰኔ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ኮሮናም ተጨምሮበት፣ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ይሄዱ ነበር። ይህ ፊልምሽ ውስጥ አለ? ከሌለ ገና አላለቀም።

ፊት ማሳየት ክፉ ነው አላልኩም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ፊስቱላ የያዛቸውን የገጠር ሴቶቻችንን ፊት ለፊት ያሳያል። ግን ካሜራው አስለቅሷቸው አልሄደም። አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ድረስ አብሯቸው ይሄዳል፣ ሕክምናውንም ያያል። በቀላሉ ያልዳነችዋንም ጭምር።

ባለታሪኳ ጭራሽ የሌለችበትም አለ። ታማራ ማሪያም ዳዊት «ፋይንዲንግ ሳሊ»ን የሠራችው በደርግ ዘመን ስለጠፋች አክስቷ ነው። አክስትየዋን መቅረጽ አይቻልም። የቀሩት እህቶቿ ያወራሉ፣ የድሮ ፎቶ ይገለጣል፣ ፊልሙም በእግሩ ይቆማል። ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል»ን ስትሠራም ወንድሟ ደብዛው ጠፍቷል፣ የልብ ጓደኛዋ ተገድላለች።

አንቺ እጅ ላይ ምን አለ? እሷ የላከችው ገንዘብ የሐዋላ ደረሰኝ እናታችሁ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። በዚያ ብር የተሠራ ጣሪያ ወይም የተገዛ ፍሪጅ አይጠፋም። ከፈቀደችልሽ በረኪና የበላው እጇ አለ፣ ሊጥ ሲያቦካ። ቃሏን ደግሞ አንቺው አንብቢው፤ «እህቴ እንዲህ አለችኝ» እያልሽ። አባትሽንም ጠይቂ። ያኔ «ሂጂ» ያላት ማን ነበር? ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ፊልም ብዙ አላየሁም። ቤተሰብ ሁሉ በስደተኛዋ ብር በልቶ፣ ካሜራ ሲመጣ ግን የምትቀመጠው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ በፊት ግን ካሜራውን አስቀምጪና ከእሷ ጋር ቡና ጠጪ። «ሰው እንዳያየው» ሲባል ሰው የተባለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። እናታችሁ ያንን ታሪክ ሰምተው ያውቃሉ? ካልሰሙ መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው ከልጃቸው አፍ ነው፣ ያውም እሷ ስትፈልግ። ተነጋግረው ሲያበቁ እህትሽ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል። ካልቀየረችም አትወትውቻት።

አንድ ነገር ቀረ። ጓደኞችሽ «ብለር አድርጊው» ካሉሽ አይተውታል ማለት ነው። በቴሌግራም የላክሽላቸው ቅጂ ካለ ዛሬውኑ አስጠፊያቸው፤ ለእህትሽም እነማን እንዳዩት ንገሪያት።