ላንድሮቨሯና ሌሎቹ፦ ለወጣት ባልደረቦቼ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ከእናንተ አንዱ፣ በቅርቡ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የጀመረ ልጅ፣ መኪና ለመግዛት እያሰበ መሆኑን ካጫወተኝ በኋላ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ከነዷቸው መኪኖች አብልጠው የሚወዱት የትኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «ላንድሮቨሯን» አልሁት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያች መኪና በገበሬ ፊት ያሳፈረኝ የለምና።

በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ከደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቄ ጎጃም ስመደብ መሥሪያ ቤቱ የሰጠን ተሽከርካሪ፣ ከእኔ በፊት ስንቱን ባለሙያ ሲያመላልስ የኖረ፣ ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ሎንግ ቤዝ ላንድሮቨር ነበር። አካሏ አሉሚኒየም በመሆኑ ዝገት አይደፍራትም፤ ሻንሲዋ ግን ብረት ስለነበር ከሥር ከሥሩ እየተበላ በየጊዜው ይበየዳል። መሪዋ ክንድ ይፈትናል፣ ባሌስትራዋ ወገብ ይሰብራል። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ለመመለስ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ማውጣት፣ መሃል ላይ ጋዝ መስጠት፣ ከዚያም እንደገና ረግጦ ማስገባት ያስፈልግ ነበር፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካምቢዮው በጩኸት ያጋልጠዋል። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ነበሩ፤ ቢጫ አናት ያለውን ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማዎች ሥራ ይጀምራሉ፣ ቀዩን ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ መኪናዋ ዝግ ባለ ኃይለኛ ማርሽ አራቱንም ጎማ ታዞራለች። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ሾፌራችን ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ እኔን ግን «ዶክተር» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

የዚያን ጊዜ ትልቁ ሥራችን ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ በክትባት መከላከል ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ከብት አልባ አድርጎ ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ ያመጣው ይኸው በሽታ ስለነበር፣ የጎጃም ገበሬ ስሙ ሲነሣ አያቶቹ የነገሩትን ያስታውሳል፤ ስለዚህም ክትባት ሲባል ማንም አይቀርም። ክትባቱ በትንንሽ ብልቃጥ ደርቆ የሚመጣ ሲሆን እስኪሠራበት ድረስ ከበረዶ መለየት አይገባውም። ቦታው ላይ ሲደረስ በቀዝቃዛ ማሟሟያ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ቶሎ ካልተወጋ ዋጋ የለውም። መኪና ለእኛ እንደ ዛሬው የክብር ጉዳይ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ክትባቱም አልነበረም።

አንድ ግንቦት ላይ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ቅዳሴ ሲወጣም፣ ገበያ ላይም ተነግሮ ሕዝቡ ከብቱን ሊያወጣ ተስማምቷል። በዋዜማው ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። የዚያን አገር ዋልካ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል፣ ሲርስ ደግሞ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጥርሱን ይደፍነዋል። ከብቱ የተሰበሰበበት ሜዳ ከሩቅ እየታየን መኪናዋ በጎኗ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። ሾፌራችን ቀዩን ዘንግ ስበው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ሊያወጧት ሲሞክሩ ከኋላ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እርሳቸው ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ «ዶክተር፣ የኋላው ዘንግ ሄደ» አሉኝ። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የዚያን ዘመን ላንድሮቨር የታወቀ ደዌ ነበር፤ የሚሽከረከረው ጎማ በድንገት መሬት ሲይዝ ይቆረጣል።

ዘንጉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የጭነት ክፍሉን ከፍቼ ሳይ የበረዶ ሣጥኑ ከነክትባቱ ደኅና ነው፤ በካርቶን የነበሩት የማሟሟያ ጠርሙሶች ግን መኪናዋ ስትጋደም ከመለዋወጫ ጎማው ጋር ተላትመው ደቅቀዋል። ከካርቶኑ ሥር የፈሰሰው ውኃ በወለሉ ቀዳዳ ጠብ ጠብ ሲል ቆሜ አየሁት። ያለ ማሟሟያ ክትባቱ የደረቀ ዱቄት ነው፤ ሌላ ለማምጣት መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናዋ ደግሞ ያችው ናት።

ገበሬዎቹ መቸገራችንን አይተው ከሜዳው ወረዱ። ሁለት ጥማድ በሬ አምጥተው፣ ከፊት ለፊት በመጫኛ አስረው፣ እኛም ከኋላ እየገፋን ከቦዩ አወጧት። ልብ በሉ፤ የጎተቷት ልንከትባቸው የመጣንላቸው በሬዎች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ጭቃውን ከባታቸው ላይ በእንጨት እየፋቁ «እንግዲህ እሷንም ጨምራችሁ ክተቧት» ቢሉ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ክትባቱ እንደማይሰጥ መናገር የእኔ ፈንታ ሆነ። ማንም አልተቆጣም፤ ይልቁንም እህል ውኃ ሳንቀምስ እንዳንሄድ ለመኑን። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሾፌራችን የፊት ጎማዎቹን ብቻ አሠርተው፣ በዝግተኛው ማርሽ ሌሊቱን ቢቸና አደረሱን። ያችን መኪና የምወዳት ለዚህ ነው፤ የኋላ ዘንጓ ተቆርጦ እንኳ በፊት ጎማዎቿ ቤት የምታስገባ ነበረች። የተቆረጠው ዘንግ መለዋወጫ ግን ቶሎ አልመጣም፤ በመካከሉ ክረምቱ ገባ። በጋ ሲመለስ ከበላይ የመጣልን መርሐ ግብር ሌላ ወረዳ የሚል ነበር። ያንን ቀበሌ በደብዳቤም በቃልም አሳስቤ ነበር፣ የሰማኝ የለም፤ ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ። በ2003 ዓ.ም. የከብት ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው በሽታ ነው ተብሎ ባልደረቦቼ ሲደሰቱ እኔ ያስታወስሁት እነዚያን ሁለት ጥማድ በሬዎች ነው።

በራሴ ገንዘብ የገዛኋት የመጀመሪያዋ መኪና አሮጌ ቮልስ ነበረች። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም፤ የዓባይን በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ሌላው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ውኃ ሲለምን እኛ እያንጎራጎርን እናልፍ ነበር። እናልፍ ነበር ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው፤ ከፊታችን ጭነት የያዘ ኤንትሬ ካለ ጭሱን እየጠጣን መከተል ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አንድ ሰው ሻንጣ ሊጭንልኝ ኋላዋን ከፍቶ ሞተር ሲያገኝ ደንግጦ እንደ ዘጋው አልረሳም። ልጆች ሲበዙ ሸጥኋት። ከዚያ ወዲህ የነዳሁት የመሥሪያ ቤት ሃይሉክስ ተበላሽቶብኝ አያውቅም፤ የማወራላችሁ ትዝታም የለኝም። የኋላ ኋላ የገዛሁት ዲኤክስ ኮሮላም እንዲሁ ነው።

ስለ ፍጥነትና ስለ መጠጥ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የዛሬ ወጣት መኪና ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው መልሼ ብሸጠው ስንት ያወጣል የሚለውን ነው፤ መስተዋቱን ያጠቁራል፣ ኮፈኑን ግን ከፍቶ ዘይቱን አያይም። ፍሬን ሲጮህ የዘፈኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። በሌላ በኩል እናንተ የእኛን ያህል ጭቃ ውስጥ አላደራችሁምና መኪና ማድመጥን ከየት ልትማሩ ነው ብዬ ራሴን እመልሳለሁ።

አሮጌ መኪና አትግዙ እላችኋለሁ፤ መለዋወጫው ደመወዝ ይበላል። ያችን ቮልስ መልሶ የሚሸጥልኝ ቢገኝ ግን ነገውኑ እገዛታለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምትጠይቁኝም አላችሁ። ካንዴላ የለው፣ የሞተር ዘይት የለው፣ እኔ በዕድሜዬ ሁሉ ስጠግነው ከኖርሁት አብዛኛው የለውም፤ መውደድ ያለብኝ ይመስለኛል። ለጎጃም መንገደኛ የሚጠቅም አንድ ጠባይም አለው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሡ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ መያዙን እኛም በሁለተኛ ማርሽ እናደርገው ነበር። ከድልድዩ ማዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ያለው ዳገት ግን የሞላውን አስመልሶ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ባትሪው ይህን ያህል ያስኬዳል ብሎ መኪናው ደጀን ላይ የሚያሳየው ርቀት ግምት ነውና በእርሱ ተማምናችሁ አትውረዱ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ማዶ የት ቻርጅ እንደምታደርጉ በስልክ አረጋግጡ። ባትሪው ሲሞላም ደጀን አፋፍ ላይ ሙሉ ለሙሉ አትሙሉት፤ የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል መቀበል ስለማይችል ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።