የከሰል ጉድጓድ ሐይቅ እንዲሆን ፓምፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም

ጥያቄው «የከሰል ቁፋሮው ሲያበቃ የከርሰ ምድር ውሃውን እየሳበ ጉድጓዱን የሚያደርቀው ፓምፕ ይጥፋና ጉድጓዱ በራሱ ይሙላ፤ ከተማዋም ዳርቻውን ሸንሽና ለቤትና ለሆቴል ትስጥ ቢባል ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ችግሩ አሲድና የመሬት መናድ ነው፤ ሁለቱም ሰነፍ አሞላልን ይቅር አይሉም።

ከሰሉ ባለበት አፈር ውስጥ ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ውህድ ይገኛል። ቁፋሮው ገልብጦ ለአየር ሲያጋልጠው ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። የከርሰ ምድር ውሃ ሲመለስ ያንን አጥቦ ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል። በምሥራቅ ጀርመን ላውዚትስ በተባለው የከሰል አካባቢ ፒኤቻቸው (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ ሲወርድ አሲድ) 3 አካባቢ የሆነ፣ ዓሣ የማይኖርባቸው ሐይቆች የተፈጠሩት በዚህ ነው።

ስለዚህ የወንዝ ውሃ በፍጥነት ይግባ። አሲዱን ያቀጥነዋል፤ የሐይቁ ከፍታም ከከርሰ ምድር ውሃው ስለሚቀድም ዳገቱን ከውስጥ የሚገፋው ፍሰት ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚያው ላውዚትስ ያለው ዜንፍተንበርግ ሐይቅ ከ1967 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. እንዲህ ተሞልቶ በ1973 ለዋናተኞች ተከፈተ። ወንዙ ሲጎድል ግን መቅዳት ይቆማል፤ ከታች ያሉት እንዳይጠሙ።

የቀረውን አሲድ ኖራ ያበርደዋል። ፒኤቹ በጣም ዝቅ ሲል ርካሹ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይበቃል፤ ወደ ገለልተኛው ሲጠጋ እሱ ስለማይሟሟ የተቃጠለ ኖራ ያስፈልጋል። በሐይቁ ውሃ ተበጥብጦ ከጀልባ በሰፊው ይረጫል። አንድ ቦታ ከተደፋ የብረት ዝቃጭ ይለብስና ሳይሠራ ይሰምጣል። ከአፈር ክምሩ አሲድ መምጣቱን ስለማያቆም ርጭቱ ይደጋገማል፤ በጀቱም የዓመታት ይሁን።

ከሁሉ የከፋው አፈሩ ነው። በማሽን የተደፋ ልል አሸዋ ውሃ ሲጠግብ በትንሽ ንዝረት እንደ ገንፎ ይፈሳል። መድኃኒቱ በንዝረት ዘንግ ወይም ጉድጓድ ውስጥ በሚፈነዳ ፈንጂ ዳርቻውን ተከትሎ ማጥበቅ፣ ማለትም መሬት ውስጥ የተደበቀ ግድብ መሥራት ነው። ናኽተርሽቴት በተባለ የጀርመን መንደር ሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳርቻ ከነቤቶቹ ተናደ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ከጉድጓዱ በታች ታምቆ የነበረ ውሃ ግፊት ነበረው፤ ስለዚህ ጥናቱ የላዩን አፈር ብቻ አይመልከት፣ የውሃ ግፊት መለኪያ በጥልቀት ይቀበር።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ከከተማዋም ሥር ከፍ ይላል። ቁፋሮው ባደረቀው መሬት ላይ የተሠሩ ቤቶች ምድር ቤታቸው ውሃ ይቋጥራል። የድሮው የውሃ ከፍታ ካርታ አስቀድሞ ይፈለግ።

እስኪሞላ ግን እጅ አጣጥፎ መጠበቅ የለም። የላውዚትሷ ከተማ ግሮስሬሸን ውሃ ማስገባት የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእይታ ሰገነቷን ደረቁን ጉድጓድ ቁልቁል እያሳየች ቀድማ ሠራች፤ ወደ ሐይቁ የሚዘልቀውን ድልድይ ከማዕድን ማሽን ክንድ አበጀች፤ የማዕድን ሠራተኞች ማደሪያ የነበረውን ሕንፃ ሆቴል አደረገችው። ለከተማችሁም ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የጠበቀው ዳርቻ በካርታ ተለይቶ የሕዝብ መንሸራሸሪያ ይሠራበት፤ ሽንሸናው ግን የውሃው ከፍታ ረግቶ መለኪያዎቹ ጸጥ እስኪሉ ይቆይ።