ልጄ የዜና ፎቶ አንሺ ልሁን ይላል

ጥያቄ፦ ልጄ የዜና ፎቶ አንሺ መሆን ይፈልጋል። አሁን እኮ ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል። በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላል ይላሉ?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2013 ቺካጎ ሰን ታይምስ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ 28ቱንም ቋሚ ፎቶ አንሺዎቹን በአንድ ቀን አሰናበተ። ጆን ኤች ዋይትም አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት የተሸለመ ሰው ነው! የጋዜጣው ምክንያት አንባቢ ከዜናው ጋር ቪዲዮ ይፈልጋል የሚል ነበር። ሪፖርተሮቹም በአይፎን ማንሳት እንዲማሩ ተደረገ።

ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ። እኔ ስጀምር አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነበር የሚይዘው። ስለዚህ የካሜራውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ቆሜ አያለሁ። አንዴ መርካቶ እሳት ተነስቶ ሁላችንም ካሜራችንን ወደ ነበልባሉ አዞርን። ዞር ስል አንዲት እናት የተረፈቻትን ሚዛን አቅፋ ተቀምጣለች። በማግስቱ የወጣው የእሷ ፎቶ ነው። አብሮኝ የነበረው ሪፖርተር አላያትም። ምን ያድርግ? ስም ይጽፋል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ ስልክ ይደውላል።

ገንዘቡ ወደ ቪዲዮ መዞሩ እውነት ነው። ስለዚህ ልጅዎ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበርም ይማር። ካሜራ ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። ባለው ስልክ የሰፈሩን አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የዳቦ ሰልፉን፣ ለአንድ ወር በየቀኑ ያንሳ። አሥሩን ይምረጥና ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ማን፣ የትና መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ይላክልኝ፣ እኔው ራሴ አያቸዋለሁ።